የገና ዲዩቲ የማን ነው?

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። በዚህ ሰሞን በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሬዚደንቶች (የስፔሻሊቲ ሠልጣኝ ሐኪሞች) ክፍል የሚታየው ነገር ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ቺፍ ሬዚደንቱ የቀኑን ራውንድና ኮንሰልት ጨርሶ፣ ጋዋኑን ወንበር ላይ ጥሎ፣ የሚቀጥለውን ወር የዲዩቲ ሠንጠረዥ ለማውጣት ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ ስምንት ረድፍና ሠላሳ አምድ ተደርድሯል። ስልኩ ደግሞ አላርፍ ብሏል፤ ቴሌግራሙ በየደቂቃው ይጮኻል። የአንዷ እህት በ12 ትሞሸራለች። አንዱ በ20 ፈተና አለበት። ሌላው ባለፈው ሳምንት ያስመዘገበውን ቀን ዛሬ መለወጥ ፈልጓል። በመሃል አንድ አጭር መልእክት ትገባለች፦ «ዶክ፣ ያለፈውን ገና እኔ ነኝ ያደርኩት፤ ዘንድሮ አደራህን!»

ቺፉ እውነት ይሁን አይሁን ማረጋገጫ የለውም። ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ ያወጣው ሌላ ሰው ነበር፤ ተመርቆ ሄዷል። ፋይሉም ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ሄዷል። ስለዚህ የሚፈርደው በይሉኝታ ነው። ቀድሞ የጠየቀ ይቀድማል፣ ዝም ያለ ይጫንበታል። ሠንጠረዡ ታትሞ በሩ ላይ በተለጠፈ ማግሥት ሦስት ሰዎች ቀን ተለዋውጠው ይመጣሉ፤ አንደኛው ልውውጥ አንዲትን ሐኪም ሁለት ሌሊት በተከታታይ እንደሚያሳድራት የሚያስተውል የለም። እሷ ራሷም የምታስተውለው ሁለተኛው ሌሊት ሲነጋ ነው።

ይህን የወር መከራ ለማቅለል ዛሬ ውድ ሶፍትዌር መግዛት ግድ አይደለም። በነፃ የሚከፈት የጎግል መለያ፣ አንድ የመጠይቅ ፎርምና በወጉ የተሰናዳ ሠንጠረዥ ብዙውን ያቃልላሉ። ትንሽ ኮድ የሚያውቅ ባልደረባ ከተገኘ ደግሞ ሠንጠረዡን ራሱን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ክፍሉ «ፍትሐዊ ነው» የሚለውን በቁጥር እንዲነግረው። ብዙ የሕክምና ክፍሎች ይህን ጥያቄ ተቀምጠው ተነጋግረውበት አያውቁም።

ከአንዲት ወጣት ሞት በኋላ

የሐኪም ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ዓለም የተረዳው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ተማሪ ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። አባቷ ሲድኒ ዛየን ጋዜጠኛም የሕግ ሰውም ነበር፤ ጉዳዩን አልለቅ አለ። ከሐኪሞቹ የግል ስህተት ይልቅ ትኩረት የሳበው የሥልጠናው ሥርዓት ሆነ፤ ወጣት ሐኪሞች ያለ እንቅልፍና ያለ በቂ ተቆጣጣሪ የሚሠሩበት ሥርዓት። የኒው ዮርክ ግዛት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1989 የሬዚደንቶች ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ። በ2003 የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ የሕክምና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ምክር ቤት የ80 ሰዓቱን ጣሪያ፣ በአራት ሳምንት አማካይ እየተሰላ፣ በመላ አገሪቱ ተግባራዊ አደረገው። አውሮፓ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው፤ የኅብረቱ የሥራ ሰዓት መመሪያ የሳምንቱን አማካይ በ48 ሰዓት ይገድባል።

ቁጥሮቹ ዝም ብለው የወጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ የወጣ ጥናት ቦስተን ውስጥ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኢንተርኖችን በሁለት ዓይነት ሠንጠረዥ አሠርቶ አነጻጽሯል። አንደኛው የተለመደው፣ ከ24 ሰዓት የሚዘል ተራ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ረጅሙን ተራ የቆረጠና የሳምንቱን ሰዓት የቀነሰ። በተለመደው ሠንጠረዥ የሠሩት ከባድ የሕክምና ስህተት በ35.9 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሐኪሞቹ ያው በአንድ ደረጃ ያሉ ኢንተርኖች፣ ሥራውም ያው የጽኑ ሕሙማን ሥራ ነው፤ የተለየው የተራቸው አወጣጥ ነበር።

ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የአንደኛ ዓመት ሠልጣኞች ተራ ወደ 16 ሰዓት ዝቅ ቢልም በ2017 ወደ 24 ተመልሷል። ተራ ባጠረ ቁጥር በሽተኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ጊዜ ይበዛል፤ በእያንዳንዱ ርክክብም የሚዘነጋ ነገር ይኖራል። የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ ግን ሠንጠረዥ ለሚያወጣው ሰው ውጤቱ አንድ ነው፦ ሊጠብቀው የሚገባ ሕግ በዛበት።

44 አሃዝ ያለው ቁጥር

ስምንት ሬዚደንት፣ ሠላሳ ሌሊት፣ በየሌሊቱ ሁለት ተረኛ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከስምንት ሰው ሁለት የሚመረጥበት መንገድ 28 ነው። ለሁለት ሌሊት 28 በ28 ተባዝቶ 784 ይሆናል። ለሦስት ሌሊት 21,952። ሠላሳኛው ሌሊት ላይ ሲደረስ ቁጥሩ 44 አሃዝ ይኖረዋል። አራቱ ነባር፣ አራቱ አዲስ ናቸው፤ በየሌሊቱም ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ይኑር ቢባል 28ቱ ጥንድ ወደ 16 ይወርዳል። የወሩ አማራጭ ግን አሁንም 37 አሃዝ ነው። ቺፉ በእርሳስና በላጲስ የሚመላለሰው በዚህ ባሕር ውስጥ ነው። ተከታታይ ሌሊት እንዳይኖር ሲያስተካክል ቅዳሜና እሑድ ይዛባበታል፤ ቅዳሜውን ሲያቃና የአንዷ ፈቃድ ይነካል።

የሒሳብ ሰዎች ወደዚህ ዓይነት ጥያቄ የገቡት በሆስፒታል በር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሌዝሊ ኢዲ የተባለ ተመራማሪ ኒው ዮርክ አካባቢ ባሉ የመተላለፊያ ክፍያ ኬላዎች ላይ መኪኖች ለምን እንደሚሰለፉና ስንት ሠራተኛ በየሰዓቱ እንደሚያስፈልግ አጠና። በዚያው ዓመት ጆርጅ ዳንትዚግ፣ ሲምፕሌክስ የተባለውን ዝነኛ የስሌት ዘዴ በ1947 ያፈለቀው የሒሳብ ሊቅ፣ የሠራተኞቹን ተራ ራሱን እንዴት በሒሳብ መደልደል እንደሚቻል አሳየ። በ1976 ደግሞ «ኦፕሬሽንስ ሪሰርች» የተባለው መጽሔት በአንድ እትም ሁለት ጥናት ስለ ነርሶች ተራ አወጣ። ሁለቱም የተራውን መሟላት ብቻ ሳይሆን የነርሶቹን ፍላጎት ወደ ስሌቱ አስገቡ። «የነርሶች ተራ ችግር» ከዚያ ወዲህ በዘርፉ ራሱን የቻለ የጥናት ርዕስ ነው። በያኔው ዘመን ይህን የሚያሰላ ኮምፒውተር የነበራቸው ጥቂት ተቋማት ነበሩ፤ ዛሬ ሥራውን ተራ ላፕቶፕ ይሠራዋል።

ከፎርም መጀመር

የመጀመሪያው ደረጃ ምንም ኮድ አይጠይቅም። ቺፉ በጎግል ፎርም ሦስት ጥያቄ ያዘጋጃል፤ ስም፣ ማደር የማይቻልበት ቀንና ምክንያት። ማስገቢያው ወሩ ከመግባቱ አሥር ቀን በፊት ይዘጋል። ሊንኩን በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀዋል። መልሱ በቀጥታ ወደ ጎግል ሺትስ ይፈስሳል፤ ማን መቼ እንደጠየቀም ሰዓቱ ይመዘገባል። «እኮ ነግሬህ ነበር» የሚባል ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ከዚያ ሠንጠረዡ ይሰናዳል። በእያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ የሐኪሙን ሌሊቶች የሚቆጥር ቀመር ይገባል፤ ኤክሴል የነካካ ሁሉ የሚያውቀው «ካውንትኢፍ» ነው። ሌላ ቀመር ቅዳሜና እሑዱን ለብቻ ይቆጥራል። ሁለት ሌሊት ከተከታተለ ሳጥኑ በራሱ እንዲቀላ ይደረጋል። በአንድ ሌሊት የተመደበው ሰው ከሁለት ካነሰ አምዱ ቢጫ ይሆናል። በምሳሌያችን ሠላሳ ሌሊት በሁለት ሰው 60 ተራ ነው፤ ለስምንት ሲካፈል ሰባት ተኩል ይደርሳል። ስለዚህ አራቱ ስምንት፣ አራቱ ሰባት ያድራሉ። በዚህ ወር ስምንት ያደረ በሚቀጥለው ሰባት እንዲሆን ድምሩ ወደ ቀጣዩ ወር ገጽ ይሻገራል።

እዚህ ድረስ ተራውን የሚደለድለው ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ስህተቱን እያሳየ ይቆጥርለታል። ለብዙ ትናንሽ ክፍሎች ይህ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ደረጃ ድልድሉን ራሱን ለማሽን መስጠት ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ኤክሴል ውስጥ ያለውን «ሶልቨር» ነው፤ ቶሎም ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። ከኤክሴል ጋር የሚመጣው ሶልቨር በአንድ ጊዜ ሊወስንባቸው የሚችሉት ሳጥኖች 200 ናቸው። ስምንት ሐኪም በሠላሳ ቀን ደግሞ 240 ሳጥን ነው። ከኒውዚላንዱ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ኦፕንሶልቨር» የተባለ ነፃ ተጨማሪ ይህን ጣሪያ ያነሳዋል።

ፓይተን የሚያውቅ ሰው ካለ መንገዱ ይሰፋል። ጎግል «ኦአር ቱልስ» የተባለውን የስሌት መሣሪያ በነፃና በክፍት ኮድ ለቆታል። ጎግል ኮላብ ላይ ስለሚሠራ ላፕቶፑ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም፤ ብራውዘር ይበቃል። ከመሣሪያው የመማሪያ ምሳሌዎች አንዱ የነርሶች ተራ ነው። አራት ነርስ፣ ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ፈረቃ፤ በአንድ ፈረቃ አንድ ነርስ፣ ለአንድ ነርስ በቀን ከአንድ ፈረቃ በላይ የለም። በዚህ ብቻ 13,824 ዓይነት ሠንጠረዥ ይወጣል። አሁን አንድ ሕግ ይጨመር፦ እያንዳንዷ ነርስ ቢያንስ ሁለት ፈረቃ ትሥራ። በየቀኑ አንዷ ስለምታርፍ ይህ ማለት የሦስቱ ቀን አራፊዎች ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ ማለት ነው። የተረፈው 5,184 ነው። አንዲት የፍትሕ መስመር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሠንጠረዥ ከጨዋታ አስወጣች።

ፕሮግራሙ ሁሉንም አማራጭ አንድ በአንድ አይቆጥርም። አንድ ውሳኔ ሲያደርግ ያ ውሳኔ የሚዘጋቸውን በሮች አብሮ ይዘጋል። «ዶክተር ሀ በ5 ታድራለች» ካለ በ4ም በ6ም እንደማታድር ወዲያው ያውቃል፤ በዚያ አቅጣጫ ያሉትን ሠንጠረዦች ሳያያቸው ይጥላቸዋል።

የማይጣስና ቢሆን ደስ የሚል

ለማሽኑ ሕግ የሚጻፈው በሁለት መዝገብ ነው። በአንደኛው የማይጣሱት ይገባሉ፤ በየሌሊቱ አንድ ነባር ይኑር፣ ማንም ሁለት ሌሊት አይከታተል፣ የወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች አትነካ። በሁለተኛው ቢሆኑ ደስ የሚሉት፤ የተጠየቀው ቀን ይከበር፣ ቅዳሜና እሑድ ይመጣጠን፣ በዓል አይደጋገም። የሁለተኛው መዝገብ ሕጎች ሲጣሱ ቅጣት አላቸው። የተጠየቀን ቀን መንፈግ 10 ነጥብ፣ በአንድ ወር ሦስተኛ ቅዳሜ ማሳደር 5 ነጥብ፣ ገናን ሁለት ዓመት ማከታተል 50 ነጥብ ይባል። ማሽኑ የማይጣሱትን ሁሉ ጠብቆ፣ የቅጣቱ ድምር ከሁሉም ያነሰበትን ሠንጠረዥ ይፈልጋል።

እነዚህን ነጥቦች የሚወስነው ማነው? የክፍሉ ስብሰባ እዚህ ላይ ይሞቃል። ልጆች ያሏት ሐኪም ሌሊቱ ሳይሆን የቅዳሜው ቀን ይከብዳታል። ከክፍለ ሀገር የመጣው ሁለት ዕረፍት ተያይዞ ቢሰጠው ሦስት ሌሊት ተጠጋግቶ ማደር አይከፋውም፤ አገር ቤት ደርሶ ይመለሳል። ሙስሊሟ ሐኪም ገናን በደስታ ትይዛለች፤ በለውጡ ኢድን ትፈልጋለች፤ ይህ ውለታ በብዙ ሆስፒታል በቃል ሲሠራበት የኖረ ነው። በቃል የነበረው አሁን በነጥብ ሲጻፍ አንዳንዱን ደስ ያሰኛል፤ በይሉኝታ ሲጠቀም የኖረውን ያስከፋል።

ገናና ጥምቀት ራሳቸው አንድ ወጥመድ አላቸው። በመካከላቸው ያለው 12 ቀን ብቻ ቢሆንም አንደኛው ታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ጥር ላይ ይውላል። ሁለት የተለያዩ ወራዊ ሠንጠረዦች ናቸው። ወሩን ብቻ እያየ ለሚደለድል ሰው ገናን ያደረ ሐኪም ጥር 11ም ቢደርሰው የተጣሰ ነገር አይታይም። ያለፈው ወር ድምር ወደ አዲሱ ገጽ የሚሻገርበት ፋይል ግን ይህን ይይዘዋል።

2:30 ስንት ሰዓት ነው?

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እነዚህን መሣሪያዎች የሚሞክር ሰው የውጭ አገር መመሪያ የማያነሳው ችግር ይገጥመዋል። የሥራ መግቢያ ነው ብሎ 2:30 ይጽፋል፤ ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው 2:30 ይመስለዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:30። ማታ 11:30 ለሚጀምር ዲዩቲ በጎግል ካላንደር የተያዘ ማስታወሻ ደግሞ ከረፋዱ 5:30 ላይ ይጮኻል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ሰዓት አለመጻፍ። «ቀን» እና «ሌሊት» ይበቃሉ፤ ለካላንደሩ 8:30 እና 17:30 ከጀርባ ይቀመጣሉ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም የዲዩቲ ክፍያም በኢትዮጵያ ወር ይሠራል፤ ሠንጠረዡም ከዚያው ጋር ቢሄድ ይመረጣል። ሺትስ ግን መስከረምን እንደ ቀን አያውቀውም፤ ተራ ጽሑፍ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሁለት መስመር ይያዛል፤ አንዱ ለማሽኑ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሌላው ለሰው በኢትዮጵያ። በዓላት በእጅ ይሞላሉ፤ ፋሲካና የእስልምና በዓላት ከዓመት ዓመት ይንቀሳቀሳሉና። ገናም ብትሆን ታማኝ አይደለችም። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ላይ ትውላለች፤ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም ይደገማል። «29» ብሎ አንዴ ጽፎ የተወ ቀመር በዚያ ዓመት የበዓሉን ተረኛ እንደ ማንኛውም ቀን ተረኛ ይቆጥረዋል።

ኢንተርኔቱም አለ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆይቷል። ሊንክ ብቻ የያዘ ክፍል በእንዲህ ያለ ጊዜ የነገውን ተረኛ አያውቅም። ስለዚህ ዋናው ፋይል ኦንላይን ቢሆንም ወሩ በገባ ቁጥር ይታተማል፤ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ቅጂ ድንገተኛ ክፍል ይቀመጣል። ፋይሉን የማስተካከል ፈቃድ ለሁለት ሰው ብቻ ይሰጣል፤ ሌላው ማየት እንጂ መንካት አይችልም። የሺትስ የለውጥ ታሪክ ማን የትኛውን ሳጥን መቼ እንደቀየረ ያሳያል። የበሽተኛ ስም እዚያ ፋይል ውስጥ አይገባም።

«መፍትሔ የለም»

አንዳንድ ወር ማሽኑ ሠንጠረዥ አያወጣም። ከስምንቱ ሁለቱ ፈቃድ ወጡ፣ አንዱ ለሥልጠና ሌላ ሆስፒታል ተመደበ እንበል። አምስት ቀሩ። የሚያስፈልገው ተራ ያው 60 ነው። ክፍሉ «ማንም በወር ከ10 ሌሊት በላይ አያድርም» ብሎ ከጻፈ አምስት ሰው ከ50 አያልፍም። ማሽኑ በሰከንድ ውስጥ መፍትሔ እንደሌለ ይናገራል።

በእርሳስ ለሚሠራ ቺፍ ወረቀቱ ይህን አይነግረውም። ሠንጠረዡን እንደምንም ይሞላል፤ አንዱ 12፣ አንዷ 13 ያድራሉ፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ የተሟላ ይመስላል። የጎደሉት አሥር ሌሊቶች በሰዎች እንቅልፍ ተከፍለው ከዓይን ይሰወራሉ። ማሽኑ ሲናገር ግን ጉድለቱ ከሠልጣኝ ትከሻ ላይ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ቺፉ ለክፍል ኃላፊው የሚያቀርበው እሮሮ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ነው፤ 60 እና 50። ኃላፊው ከሦስት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ሰው ማስመጣት፣ የሌሊቱን ተረኛ መቀነስ ወይም የአሥሩን ሌሊት ጣሪያ በራሱ ፊርማ ማንሳት።

ማሽኑ የማያውቀውም ብዙ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች እንደማይነጋገሩ አያውቅም። ትናንት ሌሊት ሕፃን የሞተባት ሬዚደንት ዛሬ ብቻዋን ብትሆን እንደማይበጅ አያውቅም። ለዚህ ነው ማሽኑ ያወጣው ሠንጠረዥ ለሁለት ቀን በረቂቅነት ግሩፕ ላይ የሚቆየው፤ የመጨረሻውን ቃል ቺፉ ይላል።

ከዚያ ወረቀቱ በፕላስተር በሩ ላይ ይለጠፋል። በወሩ አጋማሽ በ17 አምድ ላይ አንድ ስም በሰማያዊ ቢክ ተሰርዟል፤ ጎኑ ላይ የሌላዋ ስም፣ ከሥሩ ሁለት ፊርማ። ቺፉ ከሞርኒንግ ሴሽን ሲወጣ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ፋይሉን ከፍቶ ለውጡን ያስገባል። በ17 ያለው ሳጥን እንደነበረ ነጭ ነው። በ18 ያለው ቀይ ሆኗል፤ ተራውን የተቀበለችው ሐኪም በማግሥቱም ተረኛ ነበረች። ስልኩን ያነሳል፤ ይደውልላታል።